«አልተገኘም» ሲባል፦ የትንሹ አቃቂን የከባድ ብረቶች ምርመራ ውጤት ስለማንበብ

በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረትና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ዳግም ለገበያ ይቀርባል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የአካባቢውን ቆሻሻ ጠርጎ ወደ ትንሹ አቃቂ ገባሮች ያወርዳል። ወንዙ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ ይለማበታል። ስለዚህ ውጤቱን የሚያነብ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ውሃው ለምን አገልግሎት እንደሚውል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ መዳብን በሊትር እስከ 2 ሚሊግራም ይፈቅዳል፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የ1985 (እ.ኤ.አ.) የመስኖ መመሪያ ግን 0.2 ላይ ይገታዋል፤ መዳብ ለብዙ ተክሎች በአነስተኛ መጠንም መርዛማ ነውና። በእርሳስ ረገድ ነገሩ ይገለበጣል፦ ለመጠጥ 0.01፣ ለመስኖ 5። ይሁንና የመስኖው ገደብ በዋናነት የተክሉን እድገት እንጂ የተመጋቢውን ጤና ስለማይመለከት፣ «ከ5 በታች ነው» ብሎ ለሰላጣው ዋስ መሆን፣ በእኔ እምነት፣ ፈጽሞ አይገባም።

በሰንጠረዦች ላይ የሚሰፍረው «አልተገኘም» የሚለው ቃልም ብዙ ያሳስታል። መሣሪያው እርሳስን መለየት የሚችለው ከ0.05 ሚሊግራም ጀምሮ ከሆነ፣ የመጠጥ ገደቡን አራት እጥፍ የያዘ ናሙና ሳይታይ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ውጤት ዜሮ ብሎ አማካይ ውስጥ ማስገባት ብክለቱን ያሳንሳል።

ናሙናው መጣራቱም ይጠየቅ። በ0.45 ማይክሮሜትር ማጣሪያ ያለፈ ውሃ የሟሟውን ብቻ ያሳያል፤ እርሳስ ግን በአብዛኛው ከደለል ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ፣ የክረምቱ ናሙና ተጣርቶም ሳይጣራም ቢለካ ይመረጣል።