ከጎረቤት የተገኘ የስኳር ድንች ሐረግ

የጓሮ አትክልት ለመጀመር ዘር መግዛት የግድ አይደለም፤ ስኳር ድንች ያለው ጎረቤት ጥቂት ሐረግ ቢሰጥ ይበቃል። የሚለመነውም ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ዓይነት ይሁን፤ ሰውነት ወደ ቪታሚን ኤ የሚለውጠው ንጥረ ነገር ስላለበት ልጆችን ከዳፍንት ይጠብቃልና። ነጩ ሆድ ይሞላል እንጂ ይህ ጥቅም እምብዛም የለውም።

ሐረጉ ከለጋው ጫፍ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቈረጥ። ቅጠሉ የተጨማደደ ወይም የተዥጐረጐረ ከሆነ ግን፥ ሰጪው ቅር እንዳይለው ተብሎ መትከል አይገባም፤ በሽታው ከሐረጉ ጋር ይተላለፋል። ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ከፍ ብሎ በተኰተኰተ መደብ ውስጥ መቅበር ነው። የሰው ዓይነ ምድር ለማዳበሪያ ከቶ አይጨመርበት፤ የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይቈያልና። ሲደርስ ቀቅሎ ከጥቂት ቅቤ ወይም ዘይት ጋር ለሕፃናት ማብላት ይበጃል።