የጠራ ሰማይና ውርጭ

በደጋ አገር ያደገ ሰው ውርጭን ያውቀዋል። ማታ ባቄላው አብቦ፣ ቅጠሉ ለምልሞ ይታያል። ሲነጋ ሣሩ ነጭ ሆኖ ይገኛል። ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ካሞቀችው በኋላ ቅጠሉ የፈላ ውሃ እንደነካው ጎመን ይጠወልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይጠቁራል። የብዙ ወር ድካም በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ለቆላ አንባቢ ይህ ተረት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝ፣ በጉና ተራራ ዙሪያና በሰሜን ተራራዎች የሚኖረው ገበሬ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ በየማታው ሰማይ ሰማይ የሚያየው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ውርጭ የሚወርድበትን ሌሊት አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ? ሁልጊዜ ባይሆንም ይቻላል። ለዚህም የግድ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ዓይን፣ ደብተርና አንድ ሁለት ቴርሞሜትር ይበቃሉ። እኛ ይህን የተማርነው ግን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስህተታችን ስለሆነ፣ ነገሩን ከስህተታችን እንጀምር።

ከዩኒቨርሲቲ ለመሠረተ ትምህርት ተመድበን ወደ አንድ የደጋ መንደር የሄድን ስድስት ተማሪዎች ነበርን። ከመካከላችን አንዱ ቴርሞሜትር ይዞ ስለመጣ፣ በምናስተምርበት ቤት ግድግዳ ላይ ከጣራው ክፈፍ ሥር ሰቀልነው። ለትምህርቱም ጠቀመን። ቁጥር ማንበብ የጀመሩት ተማሪዎቻችን ማታ ማታ ተራ በተራ እየመጡ ያነቡት ነበር። በኅዳር መጀመሪያ አንድ ማታ ከተማሪዎቻችን አንዷ፣ እማማ እያልን የምንጠራቸው ባልቴት፣ ከትምህርት በኋላ ቀሩና «ልጆቼ፣ ዛሬ ምን ይላል? ሰማዩ አላማረኝም። ልጆቹን ይዤ እሸቱን ልሸመጥጠው ወይ?» አሉን። የእማማ ባቄላ የተዘራው ከዳገቱ ሥር ተነሥቶ እስከ ወንዙ ዳር በሚወርድ ማሳ ላይ ነው። ቴርሞሜትሩን አየነው፤ 7 ዲግሪ ይላል። ባለፉት ሌሊቶች ከ3 ዲግሪ በታች ወርዶ አያውቅም። «አይዞዎት እማማ፣ ውሃ የሚረጋው በ0 ዲግሪ ነው፤ ዛሬ እዚያ አይደርስም። ይተኙ» አልናቸው። እሳቸውም ፊደል ያስቆጠርናቸው እኛ ነንና አምነውን ተኙ።

ጠዋት ቴርሞሜትሩ 3 ዲግሪ ነበር። እንደተናገርነው ማለት ነው። ወንዙ ዳር ስንወርድ ግን ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሷል። የእማማ ባቄላ የታችኛው ግማሽ ተመቷል። የላይኛው ግማሽና ከዚያ በላይ ዳገቱ ላይ ያለው የጎረቤታቸው ማሳ አንድ ቅጠል እንኳ አልተነካም። እማማ አልተቆጡንም። «መሣሪያችሁ ከቤት ተጠግቶ አድሮ፣ የሜዳውን ብርድ እንዴት ያውቀዋል?» ብቻ አሉን። ከስድብ ሁሉ ይልቅ ይህ አንገታችንን አስደፋን፤ ምክንያቱም ልክ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬት ቀን ከፀሐይ ሙቀት ትቀበላለች፤ ሌሊት ደግሞ የተቀበለችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ሰማዩ ደመና የለበሰ እንደሆነ ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ከሚወጣው ሙቀት ብዙውን ይመልሳል። ሰማዩ ሲጠራ ግን ጋቢው ተገፈፈ ማለት ነው። ነፋስ ካለ ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ከታች ካለው ቀዝቃዛ ጋር ያደባልቀዋል። ነፋሱ ከቆመ ግን መሬቱ ያለ ከልካይ ይቀዘቅዛል፤ መሬቱን የነካው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ሣሩ ላይ ያለው ቅዝቃዜ በሰው ቁመት ካለው አየር በሦስትና በአራት ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ 3 ሲል ባቄላው ከ0 በታች ሊሆን ይችላል። የእኛ ቴርሞሜትር ደግሞ ቀን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ግድግዳ ተደግፎ፣ ከላይ ጣራ ተከልሎ ነበር። የለካነው የሜዳውን ሳይሆን የግድግዳውን ብርድ ነው።

ሁለተኛው ነገር የቦታው ጉዳይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ብርዱ እንደሚጨምር ሁላችንም እናውቃለን። በአማካይ 1,000 ሜትር ከፍታ ሲጨምር ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለን አገሩን የምንከፍለው በዚሁ ነው፤ የመጨረሻው ክልል ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ከምንነጋገርበት ብርድ ነው። ዳሩ ግን በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት በአንድ ሸለቆ ውስጥ ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል። ረባዳ ቦታ ሲያገኝም እንደ ኩሬ ይተኛል። ዳገቱ ሞቆ ሜዳው የሚቀዘቅዘው ስለዚህ ነው።

እንደኛ የተገረመ ሰው ከሁለት መቶ ዓመት በፊት እንደነበረ ኋላ አነበብንና ተጽናናን። ጊልበርት ኋይት የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በደቡብ እንግሊዝ ሴልቦርን በምትባል መንደር ይኖር ነበር። ማንም ሳይቀጥረው፣ ማንም ሳይከፍለው የየቀኑን አየር፣ የወፉንና የአትክልቱን ሁኔታ ይመዘግባል። በታኅሣሥ 1784 እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ኃይለኛ ቅዝቃዜ መጣ። የኋይት ቤት ዝቅ ባለ ቦታ ነው፤ በቅርብ ያለችው ኒውተን የምትባል መንደር ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት። ከፍታው ላይ ብርዱ ይብሳል ብሎ ሲጠብቅ፣ የኒውተኑ ቴርሞሜትር ከእርሱ ይልቅ ሞቅ ያለ አየር አሳየ። ኋይት «የጎረቤቴ መሣሪያ ተበላሽቷል» ብሎ አሰበና የራሱን ወደዚያው ላከ። ሁለቱ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ፍጹም አንድ ሆኑ። በአንዱ ሌሊት በሁለቱ መንደሮች መካከል የነበረው ልዩነት 18 የፋራናይት ዲግሪ፣ ማለትም በእኛ በሴልሺየስ 10 ዲግሪ ነበር! በኋላ አትክልቱ ራሱ መሰከረ፦ የኋይት ዛፎች ተለብልበው ሲቀሩ፣ ኒውተን ያሉት የዚያው ዓይነት ዛፎች ቅጠላቸው አልረገፈም። የእማማ ማሳ የታችኛውና የላይኛው ግማሽ ማለት ይህ ነው።

እንዲህ በፍላጎታቸው ብቻ አየርን የሚከታተሉ ሰዎች በብዙ አገር አሉ። በአሜሪካ ጆሴፍ ሄንሪ የተባለው ሳይንቲስት በ1849 በፈቃደኝነት የሚመዘግቡ ሰዎችን ማሰባሰብ ጀመረ። ከ1890 ጀምሮ ደግሞ መንግሥት ያቋቋመው የፈቃደኞች መረብ አለ፤ ዛሬም ገበሬው፣ መምህሩ፣ ጡረተኛው በየግቢው የሙቀቱን፣ የዝናቡንና የበረዶውን ልክ ለክቶ ይልካል። በቬርሞንት ክፍለ ሀገር ይኖር የነበረው ዊልሰን ቤንትሊ ገበሬ ነበር። ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ በ1885 የአንዲትን የበረዶ ቅንጣት ፎቶግራፍ አነሣ፤ በ1931 እስኪሞት ድረስም ከ5,000 በላይ አንሥቷል። በእነዚህ አገሮች ክረምት የሚሉት እንደኛ የዝናቡን ወራት ሳይሆን የብርዱንና የበረዶውን ጊዜ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ በረዶ የሚጥለው መቼ ነው እያሉ ደመና የሚያዩ፣ ቴርሞሜትር የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። ልጆቹማ ትምህርት ቤት እንዲዘጋላቸው በረዶውን ይመኙታል። በእኛ አገር እንደዚያ ያለ ለስላሳ በረዶ አልፎ አልፎ የሚጥለው ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው በራስ ዳሸንና በመሰል ከፍተኛ ቦታዎች ነው። የእኛ ገበሬ የሚጠብቀው አመዳይን ነው፤ የሚጠብቀውም እየፈራ ነው።

ወደ መንደራችን እንመለስ። ከዚያ ቀን በኋላ ቴርሞሜትሩን ከግድግዳው አወረድን። ሁለት ሌሎችም አስመጣን። አንዱን በወንዙ ዳር ሜዳ ላይ በሣሩ ቁመት በችካል አሰርን፤ ሁለተኛውን በተመሳሳይ ቁመት ዳገቱ ላይ። ሦስተኛውን ከቤት ራቅ አድርገን በሰው ቁመት፣ ነፋስ በሚያስገባ ነጭ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥነው፤ የአየር ጣቢያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ብርዱ የሚበረታው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ስለሆነ ተራ ገብተን ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣን እናነባለን። (የሌሊቱን ዝቅተኛ ልክ በምልክት ይዞ የሚያድር ቴርሞሜትር አለ፤ ጄምስ ሲክስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1780 የሠራው ነው። ያ ቢኖረን ኖሮ እንቅልፋችንን እንተኛ ነበር።) በብዙ ሌሊት የሜዳው ከዳገቱ በአራትና በአምስት ዲግሪ ያንስ ነበር።

የመንደሩ ሽማግሌዎች የሚያውቁትን ምልክትም ጠይቀን በደብተር ጻፍን። አንዳንዱን ፈተንነው። ማታ ከየቤቱ የሚወጣው ጭስ ቀጥ ብሎ በመውጣት ፋንታ ከጣራ በላይ ጥቂት ተነሥቶ እንደ ነጠላ ከተዘረጋ ያስፈራል ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ከታች ቀዝቃዛ፣ ከላይ ሞቃት አየር መኖሩን የሚያሳይ ነውና። ቀን ደረቅና ብርዳም ነፋስ ሲነፍስ ውሎ ማታ ጸጥ ካለም እንዲሁ ነው። ጨረቃ ናት ውርጭ የምታወርደው የሚሉም አሉ። ይህን ግን አንቀበለውም። ጨረቃ ደምቃ የምትታየው ሰማዩ ስለጠራ ነው፤ ጨረቃ በሌለችበት የጠራ ሌሊትም ውርጭ ይወርዳል። በጨረቃ ዙሪያ ቀለበት ሲታይ ደግሞ ከላይ ስስ ደመና አለ ማለት ስለሆነ፣ ደመናው ከወፈረ ሌሊቱ ይለዝባል።

ጤዛን የሚመለከተው ከሁሉ ይልቅ አስገረመን። ጤዛ ብርድ ያመጣል ብለን ስናስብ፣ አንድ አዛውንት «ጤዛ ቀድሞ ሲወርድ ደግ ነው፤ ሣሩ ደርቆ ሲመሽ ነው ጉዱ» አሉን። ምክንያት አለው። በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ ውሃውም ሲረጋ በየግራሙ 80 ካሎሪ ይለቃል። ይህ ብርዱን ያዘገየዋል። አየሩ በጣም ደረቅ ከሆነ ግን የሚያዘገየው የለም። እንዲያውም አመዳይ ሳይታይ፣ ሣሩ ሳይነጣ ቅጠሉ ጠቁሮ የሚያድርበት ጊዜ አለ።

የአየሩን ድርቀት ለማወቅ ቀላል ዘዴ አለ። ማታ ቴርሞሜትሩን ደረቁን አንብቡ። ቀጥሎ ጫፉን በረጠበ ጥጥ ጠቅልላችሁ በሰሌን እያራገባችሁ ቆዩና ቁጥሩ መውረዱን ሲያቆም እንደገና አንብቡ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በሰፋ መጠን አየሩ ደረቅ ነው። ሰማዩ ጠርቶ፣ ነፋሱ ቆሞ፣ እርጥቡ ገና በምሽቱ ወደ 0 ከተጠጋ ዝም ብላችሁ አትተኙ።

ካወቁ በኋላ ምን ይደረጋል? ለሰፊ ማሳ ብዙ መድኃኒት የለም፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ችግኝና የጓሮ አትክልት ግን ማታ በገለባ ወይም በጨርቅ ተሸፍኖ ጠዋት ቢገለጥ ይድናል። ደረቅ አፈር ሙቀት ስለማይዝ፣ ውሃ ባለበት ቀን ላይ ማጠጣት ይረዳል። ኩበት አጭሶ ማሳን በጭስ መሸፈን የተለመደ ነው፤ ሆኖም ጭስ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት እንደ ደመና አይመልስም። የሚጠቅመው የእሳቱ ሙቀት ነው፤ እሱም ቅርብ ላለው ብቻ። ከማሳው በታች ያለ ጥቅጥቅ አጥር ወይም ካብ ቀዝቃዛውን አየር እንዳይወርድ ስለሚገድበው መተላለፊያ ቢከፈትለት ይሻላል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዘር ሲዘራ ማሰብ ነው። በብዙ ደጋ ረባዳው ለሣር ተትቶ እህሉ ዳገቱን የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም። እማማም ያን ቦታ ያረሱት ሌላ መሬት ስለሌላቸው እንጂ ጠባዩን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

በኅዳር ማብቂያ ላይ ምልክቱ ሁሉ የተሟላበት ማታ መጣ። ጭሱ ተዘርግቷል፤ ሣሩ ደረቅ ነው፤ እርጥቡ ቴርሞሜትር 2 ዲግሪ አለ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመካክረን ጡሩምባ አስነፋን። ረባዳው ላይ ማሳ ያለው ሁሉ ፋኖስ ይዞ ወርዶ እስከ እኩለ ሌሊት እሸቱን ሲሸመጥጥ አመሸ፤ እኛም አብረን ሸመጠጥን። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ግን ከምሥራቅ ደመና መጣና ሰማዩን ሸፈነው። ጎሕ ሲቀድ የሜዳው ቴርሞሜትር 4 ዲግሪ ነበር። አንድ ቅጠል አልተመታም። አንዳንዶች አጉረመረሙ፤ እንቅልፍ ያጡበት ነገር ነውና አልፈረድንባቸውም። በደብተራችን ላይ «ጥሪ ተደረገ፣ ውርጭ አልወረደም፣ ደመና በዘጠኝ ሰዓት» ብለን ጻፍን። እማማን ይቅርታ ልንጠይቅ ብንሄድ በአህያ ላይ ከረጢት ሲጭኑ አገኘናቸው። «ምን ይቅርታ ያስፈልጋል? እሸቱ ተሸምጥጧል፤ ዛሬ ደግሞ ገበያ ነው» ብለው አህያዋን ነዱ።