ልቅሶና እልልታ በአንድ መሠረት ላይ

የጥናቱ ክፍል፦ ዕዝራ 3፥8-13፤ ነህምያ 8፥9-12፤ ዮሐንስ 11፥32-44

አማኝ ዘወትር ደስ ሊለው ይገባል ብለን ስለምናስተምር፣ በመካከላችን የሚያለቅስ ሰው ሲኖር ግራ እንጋባለን። ቶሎ ብለንም «በቃ፣ ይበቃል» እንለዋለን። የእግዚአብሔር ቃል ኀዘንንና ደስታን እንዴት እንደሚይዝ አብረን እንመልከት።

1. ማንም ዝም ያላሰኘው ልቅሶ

ባቢሎናውያን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ያፈረሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ገደማ ነበር። ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች አዲሱን መሠረት የጣሉት ከዚያ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ካህናቱ በመለከት፣ ሌዋውያኑ በጸናጽል አመሰገኑ፤ ብዙዎችም በደስታ ጮኹ። የፊተኛውን ቤት በዓይናቸው ያዩት ሽማግሌዎች ግን በታላቅ ድምፅ አለቀሱ። የተሰጣቸውን ሲያዩ የጠፋው ትዝ አላቸው። ሁለቱ ድምፆች ተቀላቅለው ከሩቅ ተሰሙ፤ የሚለያቸውም አልነበረም። ዘሩባቤልም ሆነ ካህኑ ኢያሱ ሽማግሌዎቹን እንደ ገሠጹ አልተጻፈም።

2. እንዲያበቃ የተነገረው ልቅሶ

በነህምያ ዘመን ግን መሪዎቹ ሕዝቡን ከልቅሶው ከለከሉት። ይህ ልቅሶ የሕጉን ቃል ከመስማት የመጣ ነበር፤ ቀኑም ለእግዚአብሔር የተቀደሰ ነበር። መሪዎቹም ሕዝቡን ዝም አሰኝተው ብቻ አልተዉትም። እንዲበላ፣ እንዲጠጣ፣ ምንም ላልተዘጋጀለትም ሰው ድርሻውን እንዲልክ ነገሩት። የሌለው ሰው ከማዕዱ የቀረበት ደስታ ሙሉ አይደለም።

3. ጌታ በአልዓዛር መቃብር

ጌታ ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣ ያውቅ ነበር። ቢሆንም ማርያም ስታለቅስ ባየ ጊዜ እርሱም አነባ። ሊመጣ ያለው ደስታ የዚያን ሰዓት ኀዘን እንዲንቅ አላደረገውም።

ለአገልግሎታችን

በ1977 ዓ.ም. በነበረው ረሀብ ቤተ ሰባቸውን የቀበሩ ሰዎች ዛሬም በየማኅበረ ምእመናኑ አሉ። እንደ ዕዝራ ዘመን ሽማግሌዎች፣ ብዙ ዓመት ቢያልፍም የጠፋውን ያስታውሳሉ። በድርቅ በተጎዳ ቀበሌ የውሃ ጉድጓድ ሲመረቅም፣ ውሃው ሳይደርስላት ልጇን ያጣች እናት ከሚዘምሩት መካከል ልትቆም ትችላለች። ምስጋናዋ ከእንባ ጋር ቢወጣ እምነቷ ጎደለ አንበል። ለዘገባችን ፎቶግራፍ ስንልም ፈገግታ አንጠይቃት። ሐዋርያው በሮሜ 12፥15 ከደስተኛው ጋር መደሰትንና ከሚያለቅሰው ጋር ማልቀስን በአንድነት አዝዞናል፤ አንዱን መርጠን ሌላውን እንድንተው አልፈቀደልንም።

ለውይይት

ሀ. በዕዝራ 3 እና በነህምያ 8 ያሉት ልቅሶዎች በምን ይለያያሉ?
ለ. ያዘነን ሰው «በቃ» የምንለው ለእርሱ ብለን ነው ወይስ ለራሳችን?
ሐ. በሚቀጥለው የምስጋና ቀናችን ድርሻ ሊላክለት የሚገባው ማን ነው? ማን ይወስድለታል?