የሚያፈስ ሞተርና ቁራጭ ሳሙና

በጠጠር መንገድ የሚጓዝ አሽከርካሪ፣ ድንጋይ የሞተሩን ሥር መትቶ ዘይት መንጠባጠብ ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ደረቅ የልብስ ሳሙና ነው። በእጁ አሽቶ በስንጥቁ ላይ ይለጥፈዋል፤ ዘይቱም ይቆማል። ይህ መላ የሚሠራበት ቦታ አለ፤ የማይሠራበትም አለ። ሁለቱን አለመለየት ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ሳሙና የስብ አሲድ ጨው ነው። ውኃ ያሟሟዋል፤ ቀዝቃዛ የሞተር ዘይት ግን አያሟሟውም። ሲግል ይለሰልሳል፤ ግሪስ ራሱ ሳሙናን ከጋለ ዘይት ጋር በማዋሐድ እንደሚሠራ ልብ ይሏል። ስለዚህ ሳሙናው የሚያገለግለው እስከ ቅርብ ጋራዥ ድረስ ነው፤ ዝናብ ካገኘውም ቀድሞ ይታጠባል።

ቀጣዩ ጥያቄ የግፊት ነው። በሞተሩ ሥር ባለው ገንዳ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዘይት በወለሉ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የከባቢ አየርን ግፊት 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከፓምፑ ወዲያ ባሉት መተላለፊያዎችና በማጣሪያው ዙሪያ ግን፣ ሞተሩ ሲሠራ፣ ግፊቱ የከባቢ አየርን ከ2 እስከ 5 እጥፍ ያህል ይሆናል። እዚህ ላይ ሳሙና መለጠፍ ከንቱ ድካም ነው፤ ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያልቅ ስለሚችል ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት ይገባል።

በጓርኒሲዮን በኩል የሚያዠው ዘይት ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። በሁለት ብረቶች መካከል የሚያልፈው ፍሰት ከክፍተቱ ስፋት ኩብ ጋር ይጨምራል፤ በዘይቱ ቪስኮሲቲ መጠን ደግሞ ይቀንሳል። ክፍተቱ በግማሽ ቢጠብ ፍሰቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል ማለት ነው። ብዙዎች ወፍራም ዘይት መሙላትን ይመርጣሉ። ነገር ግን በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 20ደብሊው-50 ዘይት ከ15ደብሊው-40 በቪስኮሲቲ የሚበልጠው በሲሶ ገደማ ነው፤ የሚገኘውም ጥቅም ፍሰቱን በሩብ ያህል መቀነስ ብቻ ይሆናል። በእኔ አስተያየት የላሉትን ብሎኖች በልኩ ማጥበቅ እጅግ ይሻላል። በልኩ ማለቴ በምክንያት ነው፦ ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎን የገንዳውን ስስ ቆርቆሮ ያጎብጣል፤ በብሎኖቹ መሐል ክፍተቱ ይሰፋል፤ ያው የኩብ ሕግም በባለቤቱ ላይ ይዞርበታል።

ሲሊኮን የሚቀባ ሰው ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ቦታውን በሚገባ አጽድቶ ያድርቅ፤ ስስ የዘይት ሽፋን እንኳ ቢቀር አይጣበቅም። ከበዛም ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርጦ የፓምፑን ወንፊት ሊዘጋ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ይታይ። በፒስተኖቹ ጎን ሾልኮ የሚወርደው ጋዝ መውጫ ካጣ በውስጥ ግፊት ይፈጥራል፤ አንዱ ቀዳዳ ሲደፈን ዘይቱ በሌላው ይወጣል።