ስለ ውሾችና ስለ ድመቶች ማሳከክ፤ ምክንያቱን ለይቶ ስለ ማወቅና ስለ ማከም

ውሻ በረትን ይጠብቃል፥ ድመትም ጐተራን። ጅብና የበግ ሌባ የሚፈሩት ውሻውን ነው፤ እህሉንም ከአይጥ የምታድነው ድመቷ ናት። ስለዚህ የእነርሱን ጤና መጠበቅ ከከብት ጥበቃ የሚለይ ሥራ አይደለም። ነገር ግን ውሻው ጠጕሩ ረግፎ፥ ቆዳው ተሰነጣጥቆ፥ ሌሊቱን ከጥበቃ ይልቅ በማከክ ሲያሳልፍ የታየ እንደ ሆነ፥ ብዙ ሰው ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ያባርረዋል፥ ወይ ለእህል ተባይ የተገዛውን መርዝ ያፈስበታል። ሹማምንትም የጎረቤት አቤቱታ ሲበዛባቸው እከካም ውሾች ሁሉ እንዲጠፉ ማዘዝ ይቀናቸዋል። ማሳከክ ግን የበሽታ ምልክት ነው እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም፤ ምክንያቱም ብዙ ዓይነት ስለ ሆነ፥ ሳይለዩ የሚደረግ ሕክምና ገንዘብንም እንስሳውንም ያጠፋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ባለቤቱ ይጠየቅ። ማከኩ መቼ ጀመረ? በየዓመቱ በአንድ ወራት ይመለሳልን? እስከ ዛሬ ምን ተቀባ? ከጥያቄዎቹም ሁሉ የሚበልጠው በቤቱ ውስጥ የሚያሳክከው ሌላ ሰው ወይም እንስሳ አለ ወይ የሚለው ነው፤ የሚተላለፈውን ከማይተላለፈው የሚለየው እርሱ ነውና። ከዚህ በኋላ እንስሳውን በብርሃን አቁሞ፥ የተላጠው ስፍራ የት እንደ ሆነ ከጆሮ እስከ ጅራት ማየት ይገባል።

ማከኩ በወገቡና በጅራቱ ሥር የበረታ እንደ ሆነ ቍንጫ ይጠርጠር። ቍንጫው ሮጦ ቢሰወር እንኳ ኩሱ አይሰወርም። ጠጕሩን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥሮ፥ የሚረግፈውን ጥቍር ብናኝ በራሰ ነጭ ወረቀት ላይ ማኖር ነው፤ ብናኙ ዙሪያውን ቢያቀላው ቍንጫ የጠጣው ደም ነው፥ አፈር ከሆነ ግን አያቀላም። አንዳንዱ ውሻ የቍንጫ ምራቅ ስለማይስማማው፥ ጥቂት ቍንጫ ብቻ ነክሶት ቆዳው እስኪላጥ ያካል፤ ስለዚህ ባለቤቱ «ቍንጫ የለበትም» ቢል በቃሉ ብቻ አይወሰን። ደግሞም አንዲት ሴት ቍንጫ በቀን እስከ 40 ወይም 50 እንቍላል ትጥላለች። እንቍላሉ ከጠጕሩ እየረገፈ በመኝታው፥ በመደቡና በወለሉ ስንጥቅ ይቀራል፤ ከእርሱም የሚወጣው ትል ድር ሠርቶ በውስጡ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ውሻውን ብቻ አጥቦ ቤቱን መተው ድካሙን ከንቱ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው። ቤቱ በየጊዜው ይጠረግ፥ ጥራጊው ይቃጠል፥ የሚነጠፈውም ፀሐይ ይምታው። ውሻው ቍንጫውን ሲውጥ የኮሶ ዓይነት ትል ይይዘዋል፤ ሕፃናትም ሳያውቁት ቍንጫ ከዋጡ ይህ ትል ይተላለፍባቸዋል። ሙጃሌ በሚገኝበት አገር ደግሞ የውሻው መዳፍ ሳይታይ አይታለፍ።

ሰው ሁሉ እከክ የሚለው ዋናው በሽታ ግን የሚመጣው ርዝመቷ ግማሽ ሚሊሜትር ከማይሞላ፥ ስምንት እግር ካላት ተባይ ነው። ሴቲቱ በቆዳው ውስጥ ቦይ እየቈፈረች ትጥላለች፤ ከእንቍላል ተነሥቶ ለአካለ መጠን እስኪደርስም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጃል። ጆቫኒ ኮዚሞ ቦኖሞ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1687 ዓ.ም. የሰው እከክ ከዚህች ተባይ እንደሚመጣ ጽፎ ነበር፤ ዳሩ ግን የዚያ ዘመን ሐኪሞች በሽታው ከሰውነት ፈሳሾች መበላሸት ይመጣል ብለው ያምኑ ስለ ነበረ ነገሩን አልተቀበሉትም። በ1834 ዓ.ም. ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ተማሪ በፓሪስ በሐኪሞች ፊት ተባይዋን ከበሽተኛ ቆዳ በመርፌ አውጥቶ እስኪያሳይ ድረስ ከአንድ መቶ ዓመት የበለጠ ጊዜ አለፈ። ዛሬም እከክን ከመጥፎ ደም ወይም ከእርግማን የሚቈጥር ሰው ስለማይጠፋ፥ ይህን ታሪክ ለባላገሩ መንገር አይከፋም።

የውሻ እከክ የሚጀምረው በጆሮ ጠርዝ፥ በክርንና በኋላ እግር ቋንጃ፥ በሆድም ሥር ነው፤ ጀርባው ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ለመመርመር የጆሮውን ጠርዝ በሁለት ጣት መካከል አሸት አሸት ማድረግ ነው። ውሻው ወዲያው በኋላ እግሩ ለማከክ ቢሞክር እከክ መሆኑ በብርቱ ይጠረጠራል። የእንስሳት ሐኪም ሲገኝ በዘይት በራሰ ስለት ጥቂት ደም እስኪያዣ ፍቆ በአጉሊ መነጽር ይመለከታል፤ ነገር ግን ተባይዋ እያለችም ብዙ ጊዜ አትገኝምና «አልታየችም» ማለት «የለችም» ማለት አይደለም። ይህ እከክ ወደ ሰው ክንድና ሆድ ተላልፎ ሊያሳክክ ይችላል፤ ሆኖም የውሻዋ ተባይ በሰው ላይ ስለማትራባ፥ ውሻው ሲድን የሰውየውም ይጠፋል። በቡችላ ፊትና እግር ላይ ጠጕር ረግፎ ማሳከክ የሌለበት እንደ ሆነ ግን ሌላ ዓይነት ተባይ ነው፤ ወደ ሰው አይተላለፍምና ቡችላውን ከቤት ማስወጣት አያስፈልግም።

ድመት ስታክ ላትታይ ትችላለች፤ ተደብቃ ጠጕሯን እየላሰች ትጨርሰዋለችና። ፊቷና ጆሮዋ ቢቀረፍ የድመት እከክ ነው። በጆሮዋ ውስጥ የቡና አተላ የመሰለ ጥቍር ነገር ቢገኝ የጆሮ ተባይ ነው። ክብ ሆኖ የተላጠ፥ ጥቂት ብቻ የሚያሳክክ ስፍራ ጭርት ይባላል፤ ከሁሉ ይልቅ ወደ ልጆች የሚተላለፈው ይህ ነው፥ ዘሩም በረገፈው ጠጕር ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል። ተባይ ሳይገኝ እግሩን ዘወትር የሚልስ፥ ጆሮውም የሚመግል ውሻ ምግብ ወይም አቧራ ያልተስማማው ሊሆን ይችላል፤ የምግቡን ለማረጋገጥ ቀድሞ በልቶት የማያውቀውን አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ለ8 ሳምንት ያህል መስጠት ያስፈልጋል።

ስለ መድኃኒቱ እጅግ መጠንቀቅ ይገባል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት፥ ላምባ፥ ማላታየንና ዲያዚኖን በውሻ ቆዳ ላይ ሲፈስሱ ቆዳውን አልፈው ወደ ሰውነቱ ይገባሉ፤ እርሱም እየላሰ ይውጣቸዋል። ከተባይ መርዙ የተነሣ ለሀጩ የሚዝረከረክና የሚንቀጠቀጥ ውሻ አብዷል ተብሎ ሊገደል ይችላል። ለከብት የሚወጋው 1 ከመቶ አይቨርመክቲን በ50 ኪሎ ክብደት 1 ሚሊ ሊትር ተብሎ የተሰላ ነው፤ በዐይን ገምቶ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 2 ሚሊ ሊትር የወጋ ሰው ከከብቱ ልክ 10 እጥፍ ሰጠ ማለት ነው። ኮሊ የሚባለው የስኮትላንድ እረኛ ውሻ ዘርማ ብዙ ጊዜ ከዚህ እጅግ ባነሰው ልክ እንኳ ይጐዳል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል፤ አንድ የፓራሲታሞል ኪኒንም እንዲሁ። እንግዲህ መርፌውንና ኪኒኑን ሐኪም ይዘዝ። ሐኪሙ ለእከክና ለጭርት የሚያዝዘው በልኩ የተበጠበጠ የኖራና የድኝ ውሃ ሽታው ቢከረፋም ለድመትና ለቡችላ ሳይቀር ይሆናል፤ እስኪደርቅ ድረስ ግን እንዳይልሱት ይጠበቁ። እከክ ሲሆን በአንድ ግቢ ያሉት ውሾች ሁሉ በአንድ ቀን ይታከሙ፥ የሚያኩትም የማያኩትም፤ አንዱ የቀረ እንደ ሆነ ለሌሎቹ ይመልሰዋል።

አንድ ነገር ለብቻው መታወቅ አለበት። ውሻ ቀድሞ የተነከሰበትን አንድ ስፍራ ብቻ ያለ ዕረፍት የሚነክስና የሚያክ፥ ጠባዩም የተለወጠ፥ ለሀጩ የሚወርድ ወይም እግሩ የሚብረከረክ እንደ ሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና ለመመርመር ማንም አይንካው፤ ለእንስሳት ሐኪም በቶሎ ይነገር። የነከሰውም ሰው ቍስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ያን ዕለት ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ከዚህ በቀር ያለው እከካም ውሻ ሁሉ እንዲገደል ማዘዝ ችግሩን አያስወግደውም፤ ተባዩ በቀሩት ውሾች ላይ ይኖራል፥ በባዶው ስፍራም ክትባት ያልተወጋ ሌላ ውሻ ይገባል፥ በረቱም ጠባቂ ያጣል። በዚህ ፈንታ ሹሙ ከእንስሳት ሐኪሙ ጋር ቀን ቈርጦ፥ ውሾቹ በገመድ ታስረው ወደ አንድ ሜዳ እንዲመጡ ያስነግር። በዚያው ቀን ለእከኩ መድኃኒት፥ ለእብደቱም ክትባት ይሰጣል፤ በአንድ አገር ካሉት 100 ውሾች 70ው ከተከተቡ የእብደቱ በሽታ መተላለፊያ ያጣልና። የባለቤቱ ስም፥ የውሻው መልክና የተሰጠው መድኃኒት በመዝገብ ይጻፍ፤ ሐኪሙ ለሁለተኛ ጊዜ የሚያያቸውንም ቀን ባለቤቶቹ ከሜዳው ሳይበተኑ ይነገራቸው። መኝታቸውም ውሾቹ በታከሙበት ቀን ይቃጠል፤ በቅዝቃዜና በእርጥበት ውስጥ ተባይዋ ያለ ውሻ እስከ 3 ሳምንት ልትቆይ ስለምትችል፥ በደጋ አገር ይህ ለነገ አይባልም።