እንግሊዝኛ እንማር፦ «ሃርድ» እና «ሃርድሊ»

በዚህ እትም ስለ ተውሳከ ግሥ ጥቂት እንነጋገራለን። ተውሳከ ግሥ አንድ ድርጊት እንዴት፣ መቼ ወይም ምን ያህል ጊዜ እንደተፈጸመ የሚነግረን ቃል ነው። በአማርኛ «በዝግታ»፣ «ዛሬ»፣ «ሁልጊዜ» እንደምንለው ማለት ነው።

በእንግሊዝኛ ብዙውን ጊዜ ቅጽሉ ላይ «ሊ» ሲጨመርበት ተውሳከ ግሥ ይሆናል። «ስሎው» ዝግተኛ ሲሆን «ስሎውሊ» በዝግታ ነው። ደንቡ ቀላል በመሆኑ ብዙዎቻችን የትም ቦታ እንሠራበታለን። ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ነው። ጠንክሬ ሠራሁ ለማለት «አይ ዎርክድ ሃርድ» ይባላል። «ሊ» ጨምረን «ሃርድሊ» ያልን እንደሆነ ግን ትርጉሙ «ሠራሁ ለማለት አይቻልም» ወደሚለው ይገለበጣል። ሥራ ለመቀጠር የቀረበ ሰው እንዲህ ቢል ራሱን ሰነፍ ነኝ ማለቱ ነው! «ሌት» እና «ሌትሊም» እንዲሁ ናቸው፤ የመጀመሪያው «ዘግይቶ»፣ ሁለተኛው «ሰሞኑን» ማለት ነው። «ፋስት» ደግሞ ከነጭራሹ «ሊ» አይወስድም።

ከሁሉ ይበልጥ የምንሳሳተው ግን ጊዜን ስንናገር ነው። በአማርኛ «ከሦስት ዓመት በፊት» ስለምንል ቃል በቃል መልሰን «ቢፎር ስሪ ዪርስ» እንላለን። እኛም ብዙ ጊዜ ብለነዋል። ሰሚው «ሦስት ዓመት ሳይሞላ» ብሎ ሊረዳው ይችላል። ትክክለኛው «ስሪ ዪርስ አጎ» ነው፤ «አጎ» ሁልጊዜ ከቁጥሩ በኋላ ይመጣል። ይህች ትንሽ ቃል ሌላም ጥቅም አላት። በእኛ አቆጣጠር በ2013 ከአገሩ የወጣ ሰው ዓመቱን እንዳለ ቢናገር፣ ጠያቂው የሚጽፈው የፈረንጆቹን 2013 ነው። እውነተኛው ግን 2020 ወይም 2021 ነበር። በመዝገቡ ላይ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው፤ በኋላ ሲጠየቅ ቃሉ የተለዋወጠ ይመስላል። ስንት ዓመት እንዳለፈ ቆጥሮ በ«አጎ» የተናገረ ሰው ከዚህ ይድናል። በቃለ መጠይቅ ጊዜ ግን እንግሊዝኛችሁ የማያስተማምን ከሆነ አስተርጓሚ ከመጠየቅ አትፈሩ።

የእኛ «ገና»ም ያስቸግራል። «ካርድህ ደርሶሃል?» ተብሎ ለተጠየቀ፣ ካልደረሰው መልሱ «ኖት የት» ነው። (በፊደላችን «የት ነው» ከምንለው ጋር ቢመሳሰልም ዝምድና የላቸውም።) ወንድሙ አሁንም ጎንደር ያለ ሰው «ማይ ብራዘር ስቲል ሊቭስ ኢን ጎንደር» ይላል። ወንድሙ ከዚያ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ «ሂ ሃዝ ኦልሬዲ ሌፍት» ነው።

«ኦልዌይስ»ን የመሰሉት ከዋናው ግሥ በፊት፣ ከ«አም» እና ከ«ኢዝ» ግን በኋላ ይገባሉ፤ «አይ ኦልዌይስ ካም»፣ «አይ አም ኦልዌይስ ሄር»።

ለልምምድ የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፦ «እናቴ አሁንም ታማለች»፤ «ከአምስት ዓመት በፊት መጣን»፤ «ራሽን ገና አልወሰድኩም»። መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።