ለኪስ ካሜራ የሚገዛና የማይገዛ

ልጄ፣ ካሜራዋን ገዝተሽ ሳትጨርሺ ሻጩ ፊልተር፣ መያዣ፣ ቀለበት፣ ምናምን የሚል ረጅም ዝርዝር ሰጥቶሻል። የኔ ዝርዝር አጭር ነው። ዕቃ ሲያሳዩኝ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ይህ ዕቃ የሚሠራውን ሥራ ፎቶው ከተነሣ በኋላ ቤቴ ተቀምጬ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ልሠራው እችላለሁ? የምችል ከሆነ አልገዛም። ሻጮች ይህን ጥያቄዬን አይወዱትም።

1. ከሁሉ በፊት የሌንሱን አፍ እዪ። ብዙ የኪስ ካሜራዎች ፊልተር የሚጠመዘዝበት ጥርስ የላቸውም፤ ሻጭ ይህን ሳይነግርሽ የማይገጥም ፊልተር ሊያስታቅፍሽ ይችላል። ፓናሶኒክ ኤልኤክስ100 የ43 ሚሊ ሜትር ጥርስ ስላለው ፊልተሩ ቀጥታ ይገጠምበታል። ሪኮ ጂአር 3 ከሆነ በሌንሱ ዙሪያ ያለውን ቀለበት አውልቀሽ አዳፕተሩን ስትገጥሚ 49 ሚሊ ሜትር ይቀበላል። የቆዩት ካኖን ጂ10ና ጂ12 ቱቦ በሚመስል አዳፕተር 58 ሚሊ ሜትር ይይዛሉ። ሶኒ አርኤክስ100 ጥርስ የሚባል ነገር የለውም፤ ኩባንያው ራሱ የሚሸጠው አዳፕተር ሌንሱ ፊት ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ነው። የሚለጠፍም ይሁን ማግኔት ያለው፣ ካሜራዋን ከማጥፋትሽ በፊት ፊልተሩን አውልቂ። ሌንሱን ወደ ውስጥ የሚስበው ሞተር በጣም ትንሽ ነው፤ ክብደት አይችልም።

2. ዩቪ ፊልተር ተዪው። በፊልም ዘመን ፊልሙ ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ስለሚያይ፣ የሩቅ ተራራ ሰማያዊ ጭጋግ ለብሶ ይወጣ ነበር። የዲጂታል ካሜራ ሴንሰር ፊት ለፊቱ የራሱ ማጣሪያ አለው። "ለመከላከያም ይሆናል" ይሉሻል፤ ያንቺ ሌንስ ግን ስታጠፊው ገብቶ ክዳኑን የሚዘጋ ነው። ከዚህ የሚለየው ፉጂፊልም ኤክስ100ቪ ነው፦ ዝናብና አቧራ የሚከላከለው አዳፕተር ቀለበቱና መከላከያ ፊልተሩ ሲገጠሙለት ብቻ ስለሆነ፣ እሱን የያዘ ሰው ቢገዛ አልቃወምም።

3. አንድ ፊልተር ብቻ የምትገዢ ከሆነ ፖላራይዘር ይሁን። ከውሃ፣ ከመስታወትና ከቅጠል ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ይቀንሳል። ነጸብራቁ አንዴ ፎቶው ላይ ካረፈ፣ ከሥሩ የነበረውን ኮምፒውተር ይገምተዋል እንጂ አይመልሰውም። በነሐሴ ዝናብ የታጠበ የቡና ቅጠል በካሜራ ሲታይ ላዩ ነጣ ይላል፤ ፊልተሩን ቀስ ብለሽ ስታዞሪው ነጩ ተነሥቶ አረንጓዴው ሲወጣ በስክሪኑ ላይ ታዪዋለሽ። ብረት ላይ ግን አይሠራም። የመኪናውን መስታወት ያጠራልሻል፣ የሚያብለጨልጨውን ኒኬል አይነካውም።

ሰማይን ለማጥቆርም የሚሆን የታወቀ ዘዴ አለ። ሌባ ጣትሽን ወደ ፀሐይ ቀስሪ፣ አውራ ጣትሽን ወደ ጎን ዘርጊ፣ ከዚያ ሌባ ጣትሽ ከፀሐይ ሳይወጣ እጅሽን አዙሪው፤ አውራ ጣትሽ የሚያመለክትበት ሁሉ ሰማዩ በጣም የሚጠቁርበት ቦታ ነው። እኛ አገር ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትወጣ ያ ቦታ ወደ አድማስ ወርዶ ዙሪያሽን ይከብሻል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደግሞ ከሰሜን ተነሥቶ በአናትሽ አልፎ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ሌንሱን እስከ መጨረሻው ሰፊው እይታ ከወሰድሽው ሰማዩ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ፈዛዛ ሆኖ ይወጣል፤ እሱን ካልወደድሽ ትንሽ ዙም አድርጊ።

ስትገዢ ሁለት ዓይነት ታገኛለሽ፤ ሊኒየርና ሰርኩላር። ሰርኩላሩ የተሠራው ውስጣቸው መስታወት ላላቸው ትልልቅ ካሜራዎች ነው፤ የእነሱ የትኩረትና የብርሃን መለኪያ በሊኒየሩ ይሳሳታል። የኪስ ካሜራ መስታወት የለውም። ስለዚህ ከአንድ የድሮ ፎቶ አንሺ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ሊኒየር ካገኘሽ፣ ልኩ ከገጠመልሽ፣ ሳታቅማሚ ውሰጂ። ከ1 እስከ 2 ስቶፕ ብርሃን (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) እንደሚበላ ግን አትርሺ፤ ቤት ውስጥና ጥላ ውስጥ አውልቂው።

የሙዚየም የመስታወት ሣጥን ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ፊት ለፊት ከቆምሽ ፖላራይዘሩ ምንም አይረዳሽም፤ ወደ ጎን 55 ዲግሪ ገደማ ሄደሽ አግድም ስታዪው ነው ነጸብራቁን የሚቆርጠው። ፊት ለፊት ማንሣት ካለብሽ የሌንሷን አፍ ወደ መስታወቱ አስጠጊና ዙሪያውን በእጅሽ ወይም በጥቁር ጨርቅ ከልዪ። ትንሽ ካሜራ ለዚህ ከትልቁ ትሻላለች።

4. ኤንዲ የሚባለው ጥቁር ፊልተር ፏፏቴ ለሚወድ ሰው ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ጢስ ዓባይ ውሃው የሚሞላው ከክረምቱ ማብቂያ ጀምሮ ነው። ውሃው እንደ ሐር ሆኖ እንዲወርድ ከፈለግሽ ቢያንስ የሴኮንድ ሩብ ያህል ሹተሩ መከፈት አለበት። በጠራ ፀሐይ፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ11 ላይ ካሜራዋ የምትጠይቀው 1/200 ሴኮንድ ገደማ ነው፤ ብዙ የኪስ ካሜራ ደግሞ ከኤፍ8 ወይም ከኤፍ11 በላይ አይጠብም። 3 ስቶፕ የሚቀንሰው ኤንዲ8 ወደ 1/25 ያወርደዋል፤ ገና ነው። 6 ስቶፕ ሲሆን የሴኮንድ ሢሶ ይደርሳል፤ እሱ ይበቃል።

ሻጩ የማይነግርሽ ደግሞ ይኸውልሽ፦ ብዙ ካሜራዎች ኤንዲ በሆዳቸው ይዘው ነው የተወለዱት። ካኖን ጂ7ኤክስና ሶኒ አርኤክስ100 ከ3ኛው እስከ 5ኛው ድረስ 3 ስቶፕ አላቸው፤ 6ኛውና 7ኛው ግን የላቸውም። ሪኮ ጂአር 3 ባለ 2 ስቶፕ፣ ኤክስ100ቪ ባለ 4 ስቶፕ ነው። ያንቺ ካላት ሜኑው ውስጥ ፈልጊና አብሪው፤ ባለ 3 ስቶፕ ከሆነች ከላዩ አንድ ኤንዲ8 ስትጨምሪበት 6 ስቶፕ ሞላ። እየዞረ የሚጠቁረውን አልወደውም፤ ሰፊ እይታ ላይ ጥቁር መስቀል ያወጣል።

5. ባለ ቀለሙ፣ ኮከብ የሚሠራው፣ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ንጹሕ የሆነው ሁሉ ይቅር። የመጀመሪያውን ዋይት ባላንስ ይሠራዋል፤ ሦስተኛውን ሁለት ፎቶ አንስቶ ማጋጠም ይተካዋል፤ ኮከቡን ማንም አልጠየቀሽም።

6. የቅርብ ነገር ማንሻ ተጨማሪ ሌንስ የሚጠቅመው ዙም አድርገሽ ለምታነሺው ነው። ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ነው፤ 100ን ለቁጥሩ አካፍዪ። +2 የተጻፈበት ትኩረቱን 50 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ +4 የተጻፈበት 25 ሴንቲ ሜትር ላይ ያመጣዋል፤ ካሜራዋ ራቅ ወዳለ ቦታ ስታተኩር ማለቴ ነው። ንብ ለምታሳድጂ ሰው +4 ይበዛል፤ ፊቷ ድረስ ስትጠጊባት ትቆጣለች።

7. ትራይፖድ ከመግዛትሽ በፊት ግማሽ ኪሎ ምስር በጨርቅ ከረጢት ስፊ። ካሜራዋን አጥር ላይም ድንጋይ ላይም ደላድሎ ይይዝልሻል፤ ጉዞው ሲያልቅ ወጥ ይሆናል። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስትገቢ የጣሪያውን የመላእክት ፊት ለማንሣት አንገትሽን አትስበሪ፤ ካህኑን አስፈቅጂ፣ ፍላሹን አጥፊ፣ ካሜራዋን ከረጢቱ ላይ በጀርባዋ አስተኚና በ2 ሴኮንድ ሰዓት መቁጠሪያ አንሺ። ፍላሽ ለጥንት ሥዕል ጥሩ አይደለም፤ ደግሞም እንደዚያ ዓይነቱን ቦታ ያንጣዋል እንጂ አያሳምረውም። ትራይፖድ ከገዛሽ ሩብ ኢንች ብሎን ያለው ማንኛውም ትንሽ ትራይፖድ ይገጥማል።

8. ተጨማሪ ባትሪ ግን ያለ ክርክር ግዢ፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ሁለተኛ ባትሪ ቅንጦት አይደለም። ከውጭ የሚያመጣልሽ ዘመድ ካለ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም። ካርድ ስትገዢ የቆየች ካሜራ ከ32 ጊጋባይት በላይ ላታነብ እንደምትችል እወቂ። 128 ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን እዚያው ሱቅ ውስጥ አትመኚው፤ ቤት ወስደሽ እስኪሞላ ፋይል ገልብጪበትና መልሰሽ ክፈቺው። የውሸቱ ካርድ ከእውነተኛ መጠኑ በላይ የጻፍሽበትን ሁሉ ይበላል።

አቧራን ፍሪ። የሚወጣና የሚገባ ሌንስ አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር የገባ አቧራ ሴንሰሩ ላይ ካረፈ ካሜራዋን ሳይፈቱ አይወጣም። በበጋ መንገድ ስትሄዲ ዚፕ ባለው የላስቲክ ከረጢት ያዣት። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ አትጥረጊ፤ መጀመሪያ ፋርማሲ በሚሸጠው የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ንፊበት፣ ከዚያ በመነጽር ጨርቅ።

9. የፀሐይ ግርዶሽ ፊልተር ለብቻው ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ሠርታ ታይታለች። ሐምሌ 26 ቀን 2019 (በፈረንጆቹ 2 ኦገስት 2027) ሙሉ ግርዶሽ በግብፅ ሉክሶር፣ በጅዳና በመካ፣ በየመን በኩል ያልፋል፤ እኛ ጋ በከፊል ይታያል፣ ጅዳ ያሉት የኛ ሰዎች ግን ሙሉውን ያያሉ። ኤንዲ8 ወይም ሁለት ፖላራይዘር ደራርቦ ፀሐይን ማንሣት አይቻልም፤ የማይታየው ሙቀት ያልፋል። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ፣ 5.0 የተጻፈበት ፊልም ብርሃኑን ወደ መቶ ሺሕኛ ያወርደዋል። ካሜራሽ በዓይን የሚታይበት ትንሽ መስኮት ካላት በቴፕ ሸፍኚው፤ ፊልሙ ሌንሱን እንጂ እሱን አይሸፍነውም። ጅዳ ያለው ሰው ፊልሙን የሚያወልቀው ፀሐይ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነችባቸው ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዋ ብልጭታ ስትመለስ ወዲያው ይመልሰው። እኛ ጋ አንድም ጊዜ አይወልቅም። ቀኑ ሲቀርብ ዋጋው ይወደዳልና አስቀድመሽ ግዢው፤ ስትገዢውም ወደ አምፖል አንሥተሽ እዪው፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ካየሽበት ለሻጩ መልሺለት።